ፒኮክ ባስ ለማጥመድ ብራዚል ልሂድ ወይስ አሳውን ሐዋሳ ላምጣው?

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያወሩት ስለ አንድ አሳ ነው። ሰበቡ ይገባኛል። ሰሞኑን ከስልክ ስልክ የሚዞር ቪዲዮ አለ፤ ቢጫና አረንጓዴ ቀለም ያለው፣ ዓይኑ ቀይ የሆነ አሳ ውሃውን ሰንጥቆ ወጥቶ የእንጨት ማታለያ ጎርሶ ሲሮጥ ያሳያል። ፒኮክ ባስ ይባላል። ለአዲስ አንባቢዎች፦ እኔ ማያሚ ታክሲ እየነዳሁ ብዙ ዘመን ኖሬ ሐዋሳ የተመለስኩ ሰው ነኝ። ኤርፖርቱ አካባቢ ተሳፋሪ ስጠብቅ የማጥመጃ ዘንጌ ከመኪናዬ አይጠፋም ነበር። ይሄን አሳ የተዋወቅኩት እዚያ፣ ከመንገዱ ጀርባ ባሉ ቦዮች ውስጥ ነው። በኋላም ከታክሲ ጓደኞቼ ጋር ብር አዋጥተን ብራዚል፣ ሪዮ ኔግሮ የሚባለው ወንዝ ድረስ ሄደናል። ስለዚህ የዛሬው ወሬ ደስ ይለኛል፤ ከረዘመ ታገሡኝ።

«ጋሼ እንደምን ሰነበቱ? የአክስቴ ልጅ ዳላስ ነው የሚኖረው። በሚቀጥለው ዓመት ብራዚል ሄደን ፒኮክ ባስ እናጥምድ፣ ማረፊያውን እኔ እችላለሁ፣ አንተ ቲኬትህን ቻል አለኝ። እኔ ሐዋሳ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፤ ከቆሮሶ ሌላ አጥምጄ አላውቅም። ይሄ ጉዞ ገንዘቡን ያወጣል? መቼ ልሂድ? ምን ልያዝ?»
የባንክ ሠራተኛ፣ ከሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ

ማረፊያህን የሚችል ዘመድ ተገኝቶማ ምኑን ትጠይቀኛለህ! ትልቁ ወጪ እኮ እሱ ነው። አማዞን ውስጥ የአንድ ሳምንት የአሳ ጉዞ፣ ጀልባው፣ አስጎብኚውና ምግቡ ተደምሮ ብዙ ሺህ ዶላር ይፈጃል። ያንን ሌላ ሰው ከሸፈነልህ አትግደርደር።

ግን ቲኬት ከመቁረጥህ በፊት ወቅቱን ያዝ። ይሄን ጉዞ የሚያበላሸው የውሃው ከፍታ ነው። ሪዮ ኔግሮ በዓመት አንዴ ሞልቶ ጫካውን ይውጠዋል፤ ማናውስ ከተማ ላይ በዝቅተኛውና በከፍተኛው መካከል ያለው ልዩነት 10 ሜትር ገደማ ነው። ውሃው ሲሞላ አሳው ጫካ ይገባል። ዛፍ ለዛፍ፣ ሥር ለሥር እየዞረ ትንንሽ አሳ ያሳድዳል፤ አንተ ደግሞ ጀልባ ላይ ተቀምጠህ ቅጠል ታያለህ። ውሃው ሲጎድል ጫካው ይደርቅና አሳው ወደ ሐይቆቹና ወደ ወንዙ ቅርንጫፎች ተገፍቶ ይወጣል። ያኔ ነው መሄድ። ባርሴሎስ በምትባለው ከተማ ዙሪያ ይሄ ወቅት እንደ እኛ አቆጣጠር ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ውስጥ ይወድቃል። እሱም ቢሆን በዝናቡ ምክንያት ወዲያና ወዲህ ይላል። ስለዚህ የጉዞ አዘጋጁን ከዋጋው በፊት «ባለፉት ዓመታት በዚያ ሳምንት ውሃው እንዴት ነበር? አሁን ከሞላስ ጀልባውን ወዴት ትወስዱታላችሁ?» ብለህ ጠይቀው። መልሱን ከጠመዘዘው ሌላ ፈልግ።

መንገዱ ቀላል ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሳኦ ፓውሎ ይበራል። ከዚያ ማናውስ በአገር ውስጥ በረራ አራት ሰዓት ያህል ነው። ከማናውስ በትንሽ አውሮፕላን ወይም በጀልባ ትቀጥላለህ። ቪዛ ያስፈልግሃል። የቢጫ ወባ ክትባትህን ቢያንስ ከጉዞው 10 ቀን በፊት ተከተብ፣ ካርዱንም ከፓስፖርትህ አትለየው። ወባም አለና ሐኪምህን አማክር። አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገርህ፦ የሪዮ ኔግሮ ውሃ እንደ ስሙ ጥቁርና አሲዳማ ስለሆነ ትንኝ ብዙም አይራባበትም። ማታ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ማውራት ይቻላል።

ቆሮሶ ብቻ ነው የማውቀው ብለሃል። ታዲያ የምትሄደው ወደ ቆሮሶ ዘመድ ነው። ሁለቱም ሲክሊድ ከሚባለው ቤተሰብ ናቸው። አሞራ ገደል የአሳ ገበያ ሂድና ካልተከተፈው ቆሮሶ አንዱን አንሥተህ የጀርባ ክንፉን ዘርጋው። የፊተኛው ክፍል እሾህ ነው፣ የኋለኛው ለስላሳ። ፒኮክ ባስም እንደዚያው ነው፤ የሱ ግን መሃል ላይ ጎድጎድ ይላል። አፉ ደግሞ ሰፊ ነው። ቆሮሶ አልጌና የውሃ ሣር ሲለቃቅም የሚውል ሰላማዊ አሳ ነው፤ ይሄኛው አሳ በሊታ ነው። ጎኑ ላይ ጥቁር ጥቁር ቀጥ ያሉ መስመሮች አሉት፤ ጭራው ሥር ደግሞ ጥቁር ነጥብ፣ ዙሪያዋን በወርቃማ ቀለበት የታጠረች። ወንዱ በመራቢያ ጊዜው ግንባሩ ላይ ጉብ ያለ ነገር ያወጣል። መጀመሪያ ሳየው የታመመ መስሎኝ ነበር።

ዕቃውን በተመለከተ አዘጋጁ ዘንግ ካለው የራስህን አትሸከም። ከሌለው ሁለት ሜትር ገደማ የሆነ ጠንካራ ዘንግ፣ ጥሩ ሪል (ክሩ የሚጠመጠምበት)፣ 30 ኪሎ የሚሸከም የተጎነጎነ ክር ያዝ። ክሩ የወፈረው አሳው ያን ያህል ስለሚመዝን አይደለም። እስከ ዛሬ በዘንግ ተይዞ በክብረ ወሰን የተመዘገበው ትልቁ እንኳን 13 ኪሎ ከ190 ግራም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 እዚያው ሪዮ ኔግሮ ላይ የተያዘ። ክሩ የሚወፍረው አሳው እንደተያዘ ወደ ወደቀ ግንድ ሥር ስለሚነዳው ነው። ቀጭን ክር ይዘህ ላጫውተው ካልክ ግንዱን ይዞርበትና አበቃ። አትዘንለት፣ ጎትት። ቀጭን መንጠቆም አይሆንም፤ እንደ ሽቦ ያቃናዋል።

ማታለያው ከኋላዋ ትንሽ ፕሮፔለር የተገጠመላት፣ አንድ ስንዝር የምትጠጋ የእንጨት አሳ ናት። ትወረውራታለህ፤ የዘንጉን ጫፍ ወደ ውሃው ዝቅ አድርገህ በኃይል ትስባታለህ፤ ፕሮፔለሯ ውሃውን እየቀደደች ትጮኻለች። ትንሽ ትቆማለህ። እንደገና ትስባለህ። ክንድህ ይዝላል፣ ላብህ ዓይንህ ውስጥ ይገባል፣ «ምን አስበን ነው የመጣነው?» ትላለህ። ከዚያ ማታለያዋ ያለችበት ቦታ ይፈነዳል። ሌላ ቃል የለኝም። በዚያች ሰከንድ ሰው ሁሉ ደንግጦ ዘንጉን ወደ ላይ ይነጥቃል፤ ማታለያዋም ከአሳው አፍ ወጥታ ወደ ፊትህ ትበራለች። ክብደቱ ክንድህ ላይ እስኪሰማህ ጠብቅ። ካመለጠህ ወዲያው እዚያው መልሰህ ወርውር፤ አብዛኛውን ጊዜ ተናድዶ ይመለሳል።

ሌላው ደግሞ፣ ይሄ አሳ የቀን አሳ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነሥቶ መሄድ የለም። ቁርስህን በልተህ፣ ቡናህን ጠጥተህ ሁለት ሰዓት ላይ ብትጀምር ምንም አይቀርብህም። ሲመሽ እሱም ሥራ ያቆማል። ለእንደ እኔ ዓይነቱ እንቅልፋም የተሰጠ ነው።

ቪዲዮው ላይ ያየኸውን የሚያህል እንደምትይዝ ግን ቃል አልገባልህም። ብዙውን ጊዜ የሚያዘው ሁለት፣ ሦስት ኪሎ ነው፤ እሱም እጅ ያንቀጠቅጣል። የአክስትህ ልጅ ሐሳቡን ከቀየረ ፓናማ ጋቱን ሐይቅ ላይ በቀን ጀልባ በርካሽ ይጠመዳል። ወይም ማያሚ፤ እዚያ የሚገኘው አነስ ያለው ዓይነት ነው፤ የፍሎሪዳ ትልቁ ከአራት ኪሎ ትንሽ ያለፈ ነው። ፈቃድህን ከፍለህ ድልድይ ጥላ ሥር ቆመህ ትወረውራለህ፤ ተመልካችህ ኢጓና የሚባለው ትልቅ እንሽላሊት ነው።

«ጋሼ፣ እኔና ጓደኞቼ ተደራጅተን ሐይቁ ዳር የቱሪስት ጀልባ እናሠራለን። እርስዎ ባለፈው ፍሎሪዳ ይሄን አሳ ራሷ አስገብታ ከቱሪስት ብዙ ገቢ ታገኛለች ብለው ነበር። የኛም ውሃ ሞቃት ነው። ጫጩቱን አስመጥተን ሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ ብንለቀው ምን ይለናል? አፈ ሰፊው የአሜሪካ አሳ፣ ላርጅማውዝ ባስስ ቢሆን?»
የጀልባ ማኅበር አባል፣ ሐዋሳ

አይሆንም። አንደኛውም፣ ሁለተኛውም።

ፍሎሪዳን ያነሣሁት እኔ ነኝና ሙሉውን ልንገርህ። የፍሎሪዳ መንግሥት ፒኮክ ባስን እ.ኤ.አ. በ1984 የለቀቀው ለዓመታት አጥንቶ ነው። የለቀቀውም ሰው በቆፈራቸው ቦዮች ውስጥ ነው፤ ቦዮቹ ቀድሞውኑ ከዓለም ዙሪያ በመጡ አሳዎች ተወርረው ነበር። ከነዚህ ወራሪዎች ዋናው ማን መሰለህ? ከምዕራብ አፍሪካ የመጣ ቲላፒያ፣ የቆሮሶ ዘመድ። ፒኮክ ባስ የተቀጠረው እሱን እንዲበላ ነው! አሁን ይሄንኑ አሳ ኑሮው ሁሉ በቆሮሶ ላይ የቆመ ሐይቅ ውስጥ ልልቀቅ ስትል በጉን ለቀበሮ አደራ መስጠት ነው።

ደግሞም ፍሎሪዳ ልጓም አላት። ውሃው ከ15 ዲግሪ ሲወርድ ይሄ አሳ ይሞታል፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2010 የመጣው ብርድ ቦዮቹ ውስጥ ብዙውን ጨርሶታል። ስለዚህ ከደቡቡ ጫፍ አልፎ ወደ ሰሜን አይሄድም። ሐዋሳ ላይ ማን ይገታዋል? «የኛም ውሃ ሞቃት ነው» ያልከው ለኔ ዋናው ፍርሃቴ ነው።

ያለ ጥናትና ያለ ልጓም ሲገባ ምን እንደሚሆን ፓናማ አሳይታናለች። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ፒኮክ ባስ ከኩሬ አምልጦ ጋቱን ሐይቅ ገባ፤ ለፓናማ ቦይ ተብሎ ወንዝ ተገድቦ የተሠራው ሐይቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ቶማስ ዛሬትና ሮበርት ፔይን የሚባሉ ተመራማሪዎች ያዩትን ጻፉ። አሳው በደረሰበት ሁሉ በብዛት የነበሩት ትንንሽ አሳዎች ከሞላ ጎደል ጠፍተዋል። ትንንሾቹን የሚበሉት ወፎች ቀንሰዋል። የትንኝ እጭ የሚበሉት አሳዎች ሲጠፉ ደግሞ ነገሩ ወደ ወባ ይዞራል ብለው ሰጉ። አሁን ከፍቅር ሐይቅ ጀምረህ እስከ አሞራ ገደል ዳር ዳሩን ሂድና ወፉን ቁጠር። እነዚያ ሁሉ የሚበሉት ምን ይመስልሃል?

ላርጅማውዝ ባስን የጠየቅከው ብልህ ነህ፤ ምክንያቱም ጎረቤታችን አለ። ኬንያ ናይቫሻ ሐይቅ እንደኛው የስምጥ ሸለቆ ሐይቅ ነው፤ ባሱ ከአሜሪካ መጥቶ የገባው እ.ኤ.አ. በ1929 ለስፖርት ተብሎ ነው። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ይጠመዳል። ግን ናይቫሻ ውስጥ አንዲት ጣት የማታክል፣ የራሱ የሐይቁ አሳ ነበረች። እ.ኤ.አ. ከ1962 ወዲህ ያያት የለም፤ ዋናው ተጠርጣሪ ባሱ ነው። የዚያች ዓይነት ትንሽ አሳ ሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ አለች። ሐይቃችን በጠቅላላው ያለው ስድስት ዓይነት አሳ ነው፤ ከስድስቱ ገበያ የሚወጡት ሦስቱ ናቸው። ቆሮሶ፣ አምባዛና ቢልጫ። ከነሱም የአሳ አጥማጁን ቤት የሚያቆመው ቆሮሶ ነው። የቆሮሶ ጫጩት የሚያድገው ዳር ላይ ቄጠማው ውስጥ ነው፤ ባስ የሚያድነውም ዳር ላይ ቄጠማው ውስጥ ነው። ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልገኝም። የቪክቶሪያ ሐይቅንና እዚያ የተለቀቀውን በሊታ አሳ፣ የናይል ፐርችን ታሪክ ደግሞ ራስህ ፈልገህ አንብብ፤ እኔ ሳወራው ደሜ ይፈላል።

ሐዋሳ ሐይቅ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ መውጫ ወንዝም የለውም። አንዴ የገባን አሳ መረብ ጥለህ ልቅመው ብትል ዕድሜ ልክህን ትለቅማለህ። ሕጉም ቢሆን ሕያው አሳ ያለ ፈቃድ አምጥቶ መልቀቅን ዝም ብሎ አያይም።

ቱሪስቱን ከፈለግክ ግን እዚሁ አገር ውስጥ፣ የተወለደበት ውሃ ላይ ያለ ጉልበተኛ አሳ አለልህ። በሶዶ በኩል አርባ ምንጭ ውረድ። ጫሞ ውስጥ ናይል ፐርች አለ፤ እነሱ ነጭ አሳ ይሉታል። ጥርሳሙ ታይገር ፊሽም አለ። ከውጭ የሚመጣው አጥማጅ ለነዚህ ሁለቱ ሲል ብዙ ይከፍላል። የጫሞን ጀልባ ማኅበራት አነጋግርና ጉዞውን በጋራ ሽጡት፤ እናንተ ከሐዋሳ ይዛችሁ ሂዱ፣ እነሱ ውሃው ላይ ይቀበሏችሁ። ነጭ ሳር ፓርክ ውስጥ የት ማጥመድ እንደሚፈቀድ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ጫሞ ላይ ደግሞ ቱሪስትህን ዳር ላይ አቁመህ አታስወርውር፤ አዞው የሚቀልድ አይደለም። ከጀልባ ብቻ።

«ይድረስ ለአዘጋጁ። ባለቤቴ በየሳምንቱ ቆቃ ሄዶ ያጠምዳል። ድሮ ይዞ ይመጣ ነበር። አሁን አንድ ከውጭ የመጣ ጓደኛው አስተምሮት ይይዝና መልሶ ይለቃል! ለቤንዚን ከፍሎ፣ ፀሐይ ተመቶ፣ ባዶ እጁን። ይሄ ጤና ነው?»
የሦስት ልጆች እናት፣ ከአዳማ

ጤናውስ ጤና ነው እመቤቴ፤ ለርስዎ ግን እንደሚያናድድ አይጠፋኝም። መልቀቅ የመጣው እንደ ሪዮ ኔግሮ ካለው ቦታ ነው። እዚያ ትልቁ አሳ እናትና አባት ነው፤ ሁለቱም ልጆቻቸውን ዙሪያቸውን እየዞሩ ይጠብቃሉ። ወላጁን ወስደው ከበሉት ልጆቹን ሌላው አሳ ይለቅማቸዋል። ሰፈሩም የሚኖረው ያንኑ አሳ ለሚቀጥለው እንግዳ በማስያዝ ነው። ስለዚህ ይለቀቃል።

ቆቃ ላይ አንድ ሁለት አምባዛ ለቤት ቢያመጣ ግን ማንም አይጎዳም። በጾም የአሳ ዋጋ የት እንደሚደርስ እርስዎ ከኔ ይበልጥ ያውቁታል። እንዲህ ተስማሙ፦ መካከለኛውን ወደ ድስት፣ በጣም ትልቁንና በጣም ትንሹን ወደ ውሃ። ለርሱ ደግሞ ይሄን ያንብቡለት፦ የሚለቅ ከሆነ በወጉ ይልቀቅ። እጁን ያርጥብ፣ በደረቅ እጅ ሲያዝ የአሳው የሚያዳልጥ ሽፋን ይላጣል። የአሳው መተንፈሻ ክፍተት ውስጥ ጣቱን አይክተት። የመንጠቆውን መልሶ ማያዣ ጫፍ በፒንሳ ይጨፍልቀው፣ ያኔ በቀላሉ ይወጣል። ፎቶ ለመነሣት ሲል አሸዋ ላይ ካንከባለለው በኋላ ቢለቀው ለአሞራ መስጠት ነው፤ ከዚያ እርስዎ ቢጠብሱት ይሻላል።

«ጋሼ እኔ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አጎቴ ከአሜሪካ ዘንግና ሪል አመጣልኝ። ፒኮክ ባስ የለንም፤ ታዲያ በዚህ ምን ልያዝበት?»
ከሐዋሳ

ጎበዝ! መጀመሪያ መንጠቆ ሳታስር ሜዳ ላይ ተለማመድ። ጫፉ ላይ ትንሽ ብሎን እሰር፣ የድሮ ጎማ መሬት ላይ አስቀምጥና መሃሉ ውስጥ ለመጣል ሞክር። ብራዚል የሄዱ ሀብታሞች የሚቸገሩት በዚች ነገር ነው፤ አሳው ግንድ ሥር ነው፣ እነሱ ዛፍ ላይ ይሰቅሉታል።

ከዚያ ከአጎትህ ጋር ሐይቁ ዳር ውጣ። አምባዛ የሚያሸት ነገር ይወዳል፤ የአሳ ሆድ ዕቃ መንጠቆ ላይ ሰክተህ ሥር አስቀምጥለት፣ ሲመሽ ይሻላል። ግን አንተ ሲመሽ ቤትህ ነህ፣ ምክንያቱም ጉማሬ ሲመሽ ወደ ሣሩ ይወጣል። ስለዚህ ላንተ ቢልጫ ይሻልሃል፤ ባርበስ የሚሉትም አሉ። ስፒነር የምትባል፣ ብር ወይም ነሐስ የምትመስል ትንሽ የምትሽከረከር ማታለያ ሲያይ ጠዋት ጠዋት ያሳድዳል። ቀስ ብለህ ጠምጥም፤ የምታብረቀርቀው ቅጠሏ ዘንጉ ላይ ስትንቀጠቀጥ ከተሰማህ ፍጥነትህ ልክ ነው።

ውሃው ውስጥ ገብተህ አትቁም። ሐይቃችን ዳር ዳሩ ላይ ቢልሃርዚያ አለ። ድንጋይ ላይ ወይም ጀልባ መቆሚያው ላይ ሁን፣ መንጠቆህ ከተያዘብህ ክሩን በጥሰው እንጂ አትከተለው።

ቢልጫው ስፒነሩን ከነከሰልህ ጻፍልኝ። የብሩን ነው የወሰደው ወይስ የነሐሱን? እኔና አንድ ጀልባ ቀዛፊ ወዳጄ በዚህ ነገር እስካሁን አልተስማማንም።